ቅርስ ሲሆን የሁላችን፣ ጣራው ሲያፈስ የባለቤቱ!

በዚህ ዘመን ሦስት ሰው ቡና ላይ ከተሰበሰበ ወሬው ከሁለት አያልፍም። አንዱ የኑሮ ውድነት ነው፤ ሌላው ቤት። እቁብ የወጣለትም፣ ዓረብ አገር ያለች እህቱ ትንሽ ጥሪት ያስቀመጠችለትም፣ ጡረታ የወጣውም የሚመኘው አንድ ነገር ነው። "የምትከራይ አንዲት ነገር ብትኖረኝ!" ይላል። ለምን አይል? ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ባንክ የተቀመጠ ብርም ቁጥሩ እንዳለ ቢሆን የሚገዛው ነገር እያነሰ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ቤት መግዛት ደግሞ በጽሑፍ ቁጥር ለሚከፈለው ለእንደኔ ዓይነቱ ጋዜጠኛ ቀርቶ ሱቅ ላለው ነጋዴም የማይደረስበት ሆኗል። ታዲያ ዓይን ወደ ክፍለ ሀገር ቢዞር ምን ይገርማል?

የእኔና የሁለት ጓደኞቼ ዓይን ሐረር ላይ አረፈ። ሐረር ስል ከግንቡ ውጭ ያለውን አዲሱን ከተማ ማለቴ አይደለም፤ ጁገልን ነው። የእቁብ ገንዘባችንን አሰባስበን አንድ የቆየ ቤት ብንገዛ፣ ብናድሰውና ብናከራየው ምን ይመስላል ብለን ስናጠያይቅ ከርመናል። ደላላ አነጋግረናል፣ ባለቤቶች አነጋግረናል፣ የመንግሥት ቢሮ ደጅ ጠንተናል። እስካሁን አልገዛንም፤ ሐሳቡንም አልተውነውም። በዚህ መሀል ግን አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ሳልናገረው ባልፍ ያንቀኛል። በዚህች አገር ታሪካዊ ቤት "የሁላችን ቅርስ" የሚባለው ፎቶ ሲነሳ ብቻ ነው። ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር የባለቤቱ ብቻ ይሆናል!

ለመሆኑ ምን ዓይነት ቤት ነው?

ጁገልን በወሬ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በአምስት ጥንታዊ በሮቹ የሚታወቀውና አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገርለት ግንብ የከበበው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቦታዎች እንዳሉ ተመዝግቧል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ከመስጊዶቹና ከግንቡ እኩል የቆጠረላት ሌላ ነገር አለ፤ ሰው የሚኖርባቸውን ቤቶች። ልብ በሉ! ላሊበላ ላይ ቅርሱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፋሲል ግንብ ላይ ቅርሱ ቤተ መንግሥት ነው። ጁገል ላይ ግን ቅርሱ የሰው ሳሎን ነው። ልጅ የሚያለቅስበት፣ ድስት የሚጣድበት፣ ሙሽራ የሚገባበት ቤት ነው።

ቤቱን ሐረሪዎች "ጌይ ጋር" ይሉታል፤ የከተማ ቤት እንደማለት ነው። በሩን አልፎ የገባ ሰው ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መቀመጫዎች ይጠብቁታል። ነደባ ይባላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ላይ ጎረምሳ ዘሎ አይወጣም። ግድግዳው ላይ ስፌትና ሳህን ይደረደራል። ቤቱ ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ነው። የድሮው ጣራ ከእንጨት በላይ አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ጣራ ሲሆን አሁን ብዙው በቆርቆሮ ተተክቷል።

አከራይ መሆን የሚፈልግ ሰው ይህን ካላወቀ ገና ከጅምሩ ይከስራል። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ከለሰኑት እርጥበቱ ውስጡ ይታፈንና ከላይ አምሮ ከውስጥ ይፈርሳል። ነደባውን አፍርሶ በብሎኬት ለሦስት ለአራት ክፍል መሸንሸን በአንድ ወር ተከራይ ያስገኝ ይሆናል። ነገር ግን የገዛኸውን ነገር በገዛ እጅህ ገደልከው ማለት ነው። ብሎኬት ቤት ለማከራየት ጁገል ድረስ ምን ወሰደህ? እሱማ የትም አለ።

የ1967ቱ ነገር

ስለ ቤት ኪራይ ሲነሳ በዚህች አገር አንድ ዓመተ ምሕረት ሳይነሳ አይቀርም። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና "ትርፍ ቤትን" የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። እስከ 50 ብር የነበረው ኪራይ ደግሞ በግማሽ ተቀነሰ። ለጊዜው ድሃው ተከራይ እፎይ አለ፤ ይህን የሚክድ የለም። በዚያ ዘመን አንዳንዱ ባለቤት ተከራዩን እንዴት ያሽቆጠቁጠው እንደነበረም አባቶቻችን ያወሩልናል።

ከዚያስ? ኪራዩ ዝቅ ባለበት ለዘመናት ተረሳ። ቀበሌው የሰበሰበው ብር ምስማር እንኳን የሚገዛ አልሆነም። ተከራዩ ቤቱ የእሱ ስላልሆነ አያድስም፤ ቀበሌው ገንዘብ ስለሌለው አያድስም። ማንም ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አራት ኪሎና ፒያሳ የነበሩትን የቀበሌ ቤቶች አስታውሶ ይፍረድ። ዘምመው ዘምመው በመጨረሻ መፍረሻ ምክንያት የሆኑት ያ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳን "የኔ" ብሎ ስላልጠገናቸው ነው። ጁገል ውስጥም የቀበሌ ቤት አለ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። አሮጌ ቤትን ሁለት ነገር ይገድለዋል። አንደኛው ስግብግብ ባለቤት ነው፤ ሸንሽኖ፣ አጨናንቆ፣ የመጨረሻዋን ሳንቲም ይመጠምጠዋል። ሁለተኛው ጥገናውን እንኳን የማይችል ኪራይ ነው። በስብከትና በባነር የሚድን አሮጌ ቤት የለም። የሚያድነው በየዓመቱ ጣራው ላይ የሚወጣ ሰውና ለዚያ ሰው የሚከፈል ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ከኪራይ ካልመጣ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ወረቀቱ

ልክ እንደኛ "ልጀምር" ለሚል አንባቢ የለቀምኩትን ላካፍል። ከሁሉ በፊት ደላላው ስለ ቤቱ ውበት ሲያወራ ጆሮህን ድፈንና ወረቀት ጠይቅ። ካርታው በማን ስም ነው? የጣራና ግድግዳ ግብሩ እስከ መቼ ተከፍሏል? ዕዳ ወይም እግድ አለበት? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስት ወይም ባል ይፈርማሉ? እነዚህን ሳያጣራ ቀብድ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን ወንዝ ቢጥለው ይሻለው ነበር።

የታሪካዊ ከተማ ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ወራሽ ይበዛዋል። አያት ለልጆች፣ ልጆች ለልጅ ልጆች ሲያወርሱ አንዱ ቤት ላይ ስምንትና ዐሥር ባለመብት ይሰበሰባል። አንዱ ድሬዳዋ ነው፤ ሁለተኛዋ ጅዳ፤ ሦስተኛው ቶሮንቶ። ቁልፉን የያዘው ሰው ባለቤቱ ላይሆን ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጋራ ንብረት ሙሉ በሙሉ የሚሸጠው ሁሉም ባለድርሻዎች ሲስማሙ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውልም በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ይናገራል። ስለዚህ የወራሽነት ማረጋገጫው ይታይ፤ የውክልናው ወረቀት ይታይ። "ወንድሜ ተስማምቷል፣ በስልክ ላገናኝህ" የሚባል ነገር ኋላ ፍርድ ቤት አይቆምም።

ሌላው ደላላ የማይነግርህ ነገር የሊዝ ጉዳይ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቦታው በሊዝ እንዲያዝ ደንግጓል። በቀላል አማርኛ ወርሶ የያዘውና ገዝቶ የያዘው እኩል አይደሉም። ገዢው ከቤቱ ዋጋ ሌላ የሊዝ ነገር ይጠብቀዋል። ከመፈረም በፊት የከተማው መሬት አስተዳደር ዘንድ ሄዶ ምን ያህል፣ ለስንት ዓመት ብሎ መጠየቅ ነው። የቀበሌ ቤትን "በቁልፍ" እሸጥልሃለሁ የሚል ካጋጠመም ሰላም ብሎ መሸሽ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራዩ የሚሸጠው ነገር አይደለም!

ኪራይ በወር ይቆጠር

ሁሉም አዲስ አከራይ የሚሠራት ሒሳብ አለች። የወሩን ኪራይ በ12 ያባዛና "ይህን ያህል ገባልኝ" ብሎ ይተኛል። እኔ ከቆዩ ባለቤቶች የተማርኩት ሒሳብ ሌላ ነው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በወር ልቁጠረው።

ዓመቱ 12 ወር ነው። ሁለቱን ወር ቤቱ ባዶ ይውላል ብለህ ቁረጥ፤ ተከራይ ይወጣል፣ ሌላው እስኪገባ ቀለም ይቀባል። ዐሥር ቀረ። የሦስቱ ወር ኪራይ የቤቱ የራሱ ነው፤ ያንተ አይደለም። ለጣራው፣ ለግድግዳው፣ ለበሩ ነው። ጥገናው ደግሞ ዝናብ ከመጣ በኋላ አይደለም፤ በበጋ ነው። ሰባት ቀረ። አንዱን ወር ለግብርና ለልዩ ልዩ ወጪ አስቀምጥ፤ የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ "ለ" ሥር ግብር ይከፈልበታል፤ ሳይታወቅ ይታለፋል ማለት ዘበት ነው። ስድስት ወር ቀረ። ያንተ ይኼው ነው። ሌላው በግማሽ ዓመት ኪራይ ኑሮዬን አቃናለሁ የሚል ካለ ይግባ። አልችልም ካለ ደግሞ ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ያውለው። ቤቱን ይዞ ከመግደል መተው ይሻላል።

ውሃን አትርሱ። ሐረር በሐሮማያ ሐይቅ ስትጠጣ ኖራ ሐይቁ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ምን እንደደረሰባት የማያውቅ የሐረር ሰው የለም። ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ተስቦ እንዲመጣ ከተደረገ በኋላም ቢሆን ሮቶ ያልተከለበት ቤት ተከራይ አያቆይም። የሮቶው ክብደት ግን አሮጌው ጣራ ላይ አይጫን፤ መሬት ላይ መሠረት ተሠርቶለት ይቀመጥ።

ለማን እናከራይ?

አብዛኛው ሰው ጁገል ሲባል የሚታየው ቱሪስት ነው። እውነት ነው፤ ነደባ ላይ ማደር የሚፈልግ እንግዳ አለ፤ ቤታቸውን የእንግዳ ማረፊያ አድርገው የሚተዳደሩ ቤተሰቦችም አሉ። ሹዋሊድ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ተስፋው ጨምሯል። ነገር ግን በቱሪስት ብቻ የተማመነ አከራይ በ2012 ኮሮና ሲመጣ ምን ሆነ? በ2013 ጦርነቱ ሲጀመርስ? የአውሮፕላን ትኬት ሲሰረዝ አልጋው ባዶውን ቀረ፤ የጣራው ዝናብ ግን አልተሰረዘም።

ስለዚህ የኔ አስተያየት ይህ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ነዋሪ ተከራይ ነው። ሐረር ውስጥ በሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚሠሩና የሚማሩ ሐኪሞችና ነርሶች አሉ፤ መምህራን አሉ፤ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ቤት የሚሞቀው በሰው ነው። ነዋሪ ያለበት ቤት በሩ ይከፈታል፣ ይጠረጋል፣ ጭስ ይገባዋል፣ ሲያፈስ በዚያው ሌሊት ይታወቃል። ደግሞ ጁገል ነዋሪዋ ወጥቶ ሁሉም ቤት የእንግዳ አልጋና የዕቃ መሸጫ ከሆነ ዩኔስኮ የመዘገባት ከተማ ድንጋይዋ ቀርቶ ነፍሷ ወጣ ማለት ነው። ጫት ማከማቻ የሆነ ነደባ አይቼ አዝኛለሁ።

በነዋሪ ኪራይ ላይ የመጣውን ሕግ ግን ማወቅ ግድ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይ እንደፈለጉ እንዳይጨመር ደንግጓል። በአልጋ ማከራየት ደግሞ የንግድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው። የአዋጁ አፈጻጸም በየከተማው ስለሚወሰን ውል ከመያዝ በፊት የከተማውን ቢሮ መጠየቅ ይበጃል።

እንዲህ ያለውን አዋጅ ብዙ አከራይ ይራገምበታል። እኔ አልራገምበትም። እኔም ራሴ አዲስ አበባ ላይ ተከራይ ነኝ! በየስድስት ወሩ "ጨምር ወይም ውጣ" መባልን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ተከራይ ሊጠበቅ ይገባዋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መንግሥት ተከራዩን ሲጠብቅ ሕግ አወጣ፤ ጥሩ። የቅርሱን ቤት ማን ይጠብቀው ብሎስ አስቧል? ከእነ ነደባው በጭቃና በእንጨት የሚጠገነው ቤትና በብሎኬት የተገጠገጠው ቤት በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ?

እንቅጩን እንነጋገር

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ሁለት ነገር ተናገረ። ቅርስ የያዘ ሰው በራሱ ወጪ ይንከባከብ፣ ሳይፈቀድለትም እንዳያድስ አለ። ይህ የግዴታው ወገን ነው። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን ደግሞ መንግሥት ከወጪው በከፊል ሊረዳ እንደሚችል አስቀመጠ። ይህ የመብቱ ወገን መሆን ነበረበት።

ታዲያ ምን ያደርጋል! የመጀመሪያው አንቀጽ ጥርስ አለው፤ ሁለተኛው "ሊረዳ ይችላል" በምትል ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለማደስ ፈቃድ እንዴት ይገኛል ብለን የጠየቅነው አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ወደ ሌላ ላከን። ያኛው ወደ ሦስተኛው ላከን። ሦስተኛው "ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው" አለን። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነበር። ስለ እርዳታው ስንጠይቅማ ሰውየው ከአሁን በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ የማያውቅ ይመስል ነበር። እኛ ሦስት ጎልማሶች እንዲህ ከተንከራተትን ባሏ የሞተባት፣ የጡረታ ብር እንኳን የሌላት አንዲት እናት ምን ታድርግ? ሲሚንቶ የተሸከመ የሰፈር ግንበኛ ትጠራለች፤ ወይም ቤቱን ለመጣላት ነጋዴ ትሸጣለች። ሊፈረድባት ነው?

እኔ ቅንጦት አልጠይቅም። የምጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጁገልን ቤት የማደስ ፈቃድ በአንድ መስኮትና በተቆረጠ ቀን ይሰጥ፤ ቀኑ ካለፈ ዘግይቶ ያስቀረው ክፍል ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ቤቱን በባህላዊው መንገድ ለጠገነና ይህንንም ባለሙያ አይቶ ላረጋገጠለት ባለቤት ያወጣው ገንዘብ ከኪራይ ግብሩ ይታሰብለት። ሦስተኛ፣ የድሮውን ግድግዳና ጣራ የሚያውቁ ሽማግሌ ግንበኞች ሳያልቁ ወጣቶች ከሥራቸው ይሰልጥኑ፤ ሙያው ከሞተ ገንዘብ ቢኖርም ቤቱን የሚጠግነው አይገኝም። አራተኛ፣ "ሊረዳ ይችላል" የምትለዋ ሐረግ በጀት ይመደብላት። ስንት፣ ለማን፣ በምን መስፈርት እንደተሰጠም በግልጽ ይለጠፍ፤ አለበለዚያ ለዘመድ መጠቃቀሚያ ትሆናለች።

ይህ የሐረር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የድሮ ቤት ያለው ከተማ ሁሉ፣ ጎንደርም ይሁን አክሱም፣ ነገ ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ዋናውን መንገድ ማስዋብ፣ መብራት መትከል፣ የቤቱን ፊት ቀለም መቀባት ለጎብኚ ዓይን ጥሩ ነው። ነገር ግን ቤት የሚፈርሰው ከፊቱ ሳይሆን ከጣራው ነው። ጣራ ላይ ደግሞ ካሜራ አይወጣም።

ለእንደኔ ዓይነቱ ጀማሪም አንድ ቃል አለኝ። አሮጌ ቤት ገዝቶ ማከራየት ነውር አይደለም፤ ደርግ ያስተማረን "አከራይ ሁሉ ጠላት ነው" የሚለው ትምህርት ይብቃን። ግን የምትገዙት ቤት ከእናንተ በፊት የብዙ ትውልድ ቤት እንደነበረ፣ ከእናንተም በኋላ መቆም እንዳለበት እያሰባችሁ ግዙ። የመጀመሪያዋን የኪራይ ብር ስትቀበሉ ኪሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩት።

ባለሥልጣኖቻችንም በሚቀጥለው ጊዜ እንግዳ ይዘው ነደባ ላይ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ እንዲሁ ቀና ይበሉና ይዩ። የሚያፈስ ነገር ካዩ ባለቤቲቱን "ለምን አላሳደስሽም?" ከማለታቸው በፊት በ1992 የወጣውን አዋጅ አንብበው ይምጡ።

ቸር ይግጠመን።